ማሊያና መሐላ

«ተሸነፍን!» አለ ልጁ። አለና ሶፋው ላይ በግንባሩ ተደፋ።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የተወለደው አውስትራሊያ ውስጥ፣ ብሪዝበን በምትባለው ከተማ ነው። አባቱ የጎጃም ሰው ነው፤ እናቱ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አማርኛውን የለቀመው ከቤት ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ቁጣ ደህና አድርጎ ያወራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእንግሊዝኛ ይጨርሰዋል። ያን ቀን ግን ሐዘኑ በአማርኛ ወጣ።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሚያዝያ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 2015። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ለዘመድ ሰርግ ወደዚያ አገር ሄጄ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት በእንግድነት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በራግቢ ሊግ ተጋጥመዋል። ግጥሚያው ዓርብ ማታ ሊደረግ ታስቦ፣ ከተማዋን ያጥለቀለቀ ዝናብ ወርዶ ነው ወደ እሑድ የተዛወረው። ኒውዚላንድ 26 ለ12 አሸነፈች። በዚህ ግጥሚያ ኒውዚላንዶች ከዚያ በፊት ያሸነፉት በ1998 ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቀዋል ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ የጨዋታው ውጤት አይደለም። የልጁ ቃል ጭራ ላይ ያለችው «ን» ናት የገረመችኝ። እንደምታውቁት አማርኛ «እኛ»ን ለብቻዋ ማቆም አይወድም፤ ግሡ ጫፍ ላይ ይሸጉጣታል። ልጁ «አውስትራሊያ ተሸነፈች» ማለት ይችል ነበር። «ተሸነፉ»ም ይባላል። እሱ ግን አባቱ ባስተማረው ቋንቋ፣ አባቱ ባልተወለደበት አገር ስም «ተሸነፍን» አለ። ይኼ «እኛ» ማን ነው? ማንስ ፈቀደለት? የዛሬው ጨዋታዬ በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ግጥሚያው ትንሽ ልበል። ራግቢ ሊግ እኛ አገር እምብዛም አይታወቅም። በየቡድኑ 13 ሰው ይሰለፋል። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። ይዟት መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ግን ክልክል ነው፤ ለጓደኛህ የምታቀብለው ወደ ኋላ ብቻ ነው። (ይኼ ነገር ብቻውን አንድ መጣጥፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ቀን እናቆየው።) በዚህ ስፖርት በአገሮች መካከል የሚደረገው ግጥሚያ «ቴስት» ይባላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከ1908 ጀምሮ ሲጋጠሙ ኖረዋል። ከ1997 እስከ 2017 ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ያገናኛቸው የነበረው ግጥሚያ የተለየ ስም ነበረው፤ «የአንዛክ ቴስት» ይሉት ነበር።

አንዛክ የጦር ሠራዊት ስም ነው፤ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር የእንግሊዝኛ ምህጻር። ኤፕሪል 25 ቀን 1915 ገና ሳይነጋ፣ እነዚህ ወታደሮች በቱርክ ምድር ጋሊፖሊ ባሕር ዳርቻ ላይ ወረዱ። ስምንት ወር ተዋግተው፣ ያሰቡትን ሳያገኙ ተመለሱ። ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያንና ከ2,700 በላይ ኒውዚላንዳውያን ግን አልተመለሱም። አገራቸውን ሲከላከሉ ከወደቁት ቱርኮች ደግሞ የሞቱት ከ80 ሺህ ይበልጣሉ። ከዚያ ወዲህ ኤፕሪል 25 በሁለቱም አገሮች እንደኛ የካቲት 12 ያለ ቀን ነው። ሰው በጨለማ ተነሥቶ ሐውልት ሥር ይቆማል፤ መለከት ይነፋል፤ ዝም ይባላል።

የመጀመሪያው የአንዛክ ቴስት የተደረገው በዚያው ቀን፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1997 ሲድኒ ላይ ነው። ኋላ ኋላ ለጨዋታው ኮከብ የሚሰጠው ሜዳሊያ በቻርልስ ሳቮሪ ስም ተሰየመ። ሳቮሪ ለኒውዚላንድ ራግቢ ሊግ ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ በ1915 ጋሊፖሊ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ይህ ግጥሚያ ተራ ግጥሚያ አልነበረም። የሙታን ስም የተጫነበት ግጥሚያ ነበር።

ልጁ ሶፋው ላይ እንደተደፋ፣ አባቱ ቡናውን እየደገመልኝ «መምህር፣ ይኼ ምንም አይደል፤ የ2012ቱን ቢያዩት» አለኝና የአንድ ተጫዋች ታሪክ ነገረኝ። ታሪኩ በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ስሙን ብጠቅስ ነውር የለውም።

ጄምስ ታሙ ይባላል። በ1988 ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ፓልመርስተን ኖርዝ ከተማ ተወለደ፤ ዘሩ ከማኦሪ ነው። በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ጨዋታውን ያጎለመሰው እዚያ ነው። በ2010 ለማኦሪ ቡድን ተሰልፎ ተጫውቷል፤ በ2012 ለአንዛክ ቴስት ዝግጅት ኒውዚላንዶች ስሙን ከተጫዋቾቻቸው ጋር አስገብተውት ነበር። እሱ ግን አውስትራሊያን መረጠ። በዚያው ኤፕሪል ወር ኦክላንድ ላይ፣ ኤደን ፓርክ ስታዲየም፣ በአውስትራሊያ ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። የተሰለፈው በተወለደበት አገር ሜዳ፣ በተወለደበት አገር ላይ ነው። አውስትራሊያ 20 ለ12 አሸነፈች።

ለምን መረጠ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። በአውስትራሊያ ከ1980 ጀምሮ ሁለት ክፍለ ግዛቶች፣ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ በየዓመቱ የሚጋጠሙበት «ስቴት ኦፍ ኦሪጅን» የሚባል ውድድር አለ። በዚያ ስፖርት ከዚህ በላይ የሚጓጉለት መድረክ ጥቂት ነው፤ ክፍያውም ዳጎስ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ ደግሞ ለኒውዚላንድ እጫወታለሁ ያለ ሰው እዚያ መድረክ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ባንዲራዎች መካከል ብቻ አልነበረም። አንዱ ባንዲራ ሰፊ በር ይዞ መጥቷል፤ ሌላኛው የያዘው «ልጄ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ታሙ በበሩ ገባ። ከባሕሩ ማዶ ብዙ ክፉ ቃል ተወረወረበት።

ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከስኒው ላይ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ሁለታችንም ስለ ታሙ እያወራን እንዳልሆነ እናውቅ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 እሱ እኔ በማስተምርበት ክፍል ረዳት ምሩቅ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ግጥም ሲያነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የውጭ የትምህርት ዕድል አገኘና ውል ፈረመ፤ ተምሮ ይመለሳል፤ የተማረበትን ዓመት እጥፍ ያገለግላል፤ ካልተመለሰ ዋሱ ይከፍላል። ዋሱ እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ «አልመጣም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያ ደግሞ ደመወዜ እንደሚቆረጥ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ወር ተቆረጠብኝ። በሦስተኛው ወር እሱ ዕዳውን ከነሙሉው ልኮ ከፈለ፤ ከእኔ የተቆረጠውንም መለሰልኝ። እኔ ግን ገንዘቡን ተቀብዬ፣ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፌ ላክሁለት። «ከሃዲ» የምትለዋን ቃል።

አሥር ዓመት ሳንነጋገር ኖርን። ኋላ የእሱ እናት ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ፤ ስልክ ተደዋወልን፤ ነገሩ ሳይነሣ ታረቅን። የእኛ አገር እርቅ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ቁስሉን ሳይከፍቱ ጨርቅ መደረብ።

ድሮ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር የቃል ነገር አይለቀኝም። ሁለት ቃላት አብረን እንመልከት።

አንደኛው «መወከል» ነው። ተጫዋቹ አገሩን ይወክላል እንላለን። በግዕዙ «ተወከለ» ማለት ታመነ፣ ተስፋውን ጣለ ማለት ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን የደገመ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ በሥሩ ውክልና የደም ጉዳይ አይደለም፤ የመተማመን ጉዳይ ነው። አንዱ ያምናል፣ ሌላው ይታመናል። መተማመን ደግሞ በሁለት ወገን ነው የሚቆመው። ለአንተ ምንም ያላደረገልህ ሰው «ወኪሌ ነህ» ቢልህ፣ ትስቅበታለህ።

ሁለተኛው «መካድ» ነው። ሰው የሚክደው ያመነውን ነው። ጴጥሮስ ጌታውን ካደ እንላለን፤ ጲላጦስ ካደ ብሎ የሚናገር ግን የለም። ጲላጦስ በደለ እንጂ አልካደም፤ ቀድሞ የገባው ቃል አልነበረማ። ስለዚህ አንድን ሰው «ከሃዲ» ከማለታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። መቼ ነው የማለው? በየትኛው ቀን፣ በማን ፊት?

የ13 ዓመት ልጅ እናትና አባቱን ተከትሎ ባሕር ሲሻገር አይምልም። ሲወለድም አልማለም። ማሊያ ለብሶ ሲጫወት የሚገባው ቃል «እስከ መጨረሻው ፊሽካ ያለኝን እሰጣለሁ» የሚል ነው። ይኼንን ካፈረሰ፣ ለምሳሌ ጉቦ በልቶ ጨዋታውን ከሸጠ፣ ያን ጊዜ ከሃዲ እንበለው፤ ይገባዋል። የማሊያውን ቀለም መምረጡ ግን ክህደት አይደለም። ማሊያና መሐላ ለጆሮ ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ ከጣሊያንኛ የመጣ የልብስ ስም ነው።

«ለገንዘብ ነው የሄደው» የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን፤ ግን የዚህን ስፖርት ታሪክ ልንገረው። ራግቢ ሊግ የተወለደው ኦገስት 29 ቀን 1895፣ በሰሜን እንግሊዝ ሀደርስፊልድ ከተማ ነው። የተወለደውም በገንዘብ ጠብ ነው። የሰሜኖቹ ተጫዋቾች የከሰል ጉድጓድና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለጨዋታ ሲሄዱ የቀን ገቢያቸው ይቀራል። ክለቦቻቸው «ከሥራ ለቀሩበት ሰዓት ካሣ ይከፈላቸው» አሉ። የድሮው ማኅበር መሪዎች «ጨዋታ ለክብር እንጂ ለገንዘብ አይደለም» ብለው እምቢ አሉ። ክለቦቹ ተገንጥለው ወጡ። ክብር እንጀራ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው፤ እነዚያ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከዚያ ጠብ የተወለደ ስፖርት እንዴት አድርጎ ነው አንድን ልጅ «እንጀራህን አሰብህ» ብሎ የሚከሰው?

ከዚህ የባሰም አለ። በ1907 አልበርት ባስከርቪል የሚባል የዌሊንግተን ፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ የመጀመሪያውን የኒውዚላንድ ቡድን አሰባስቦ ወደ እንግሊዝ አገር ለመጓዝ ተነሣ። ተጫዋቾቹ ስለሚከፈላቸው የሲድኒ ጋዜጦች አፌዙባቸው፤ «ኦል ጎልድስ» አሏቸው፤ ወርቅ ወዳዶች እንደማለት። ቡድኑ መንገድ ላይ ሲድኒ ሲደርስ አንድ ሰው ጨመረ። ዳሊ ሜሴንጀር ይባላል፤ የሲድኒ ተወላጅ፣ በዘመኑ የሚወዳደረው ያልነበረ ተጫዋች ነው። አውስትራሊያዊው ሜሴንጀር ከኒውዚላንዶች ጋር ተሳፍሮ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ ተጫወተ። በዚያን ጊዜ ይህ ነውር አልነበረም። ዛሬ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ከሚያከብራቸው ስሞች አንዱ የእሱ ነው፤ የየዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ በስሙ ተጠርቷል። ታዲያ በሜሴንጀር ያልሆነ ክህደት በታሙ ከየት መጣ?

ይህን ስል የኒውዚላንዶች ሕመም አይገባኝም ማለቴ አይደለም። ትልቅ ጎረቤት ያለው ትንሽ አገር ችግሩ የታወቀ ነው። አውስትራሊያ በሕዝብ ብዛት ኒውዚላንድን አምስት እጥፍ ትሆናለች። ከ1973 ጀምሮ በተስማሙት መሠረት የአንዱ ዜጋ በሌላው አገር መኖርና መሥራት ይችላል፤ የሚበዙት ተሻጋሪዎች ግን ወደየት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ትልቁ የሊግ ውድድር ያለው አውስትራሊያ ነው፤ በዚያ ውድድር የምትሳተፈው ኒውዚላንዳዊት ክለብ አንዲት ብቻ ናት። የአንዛክ ቴስት እንኳ «የሁለታችን» ቢባልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በትልቁ ወንድም ሜዳ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ባለጸጋ ጎረቤት ልጅህን በየቀኑ እራት እየጠራ ሲያበላልህ፣ አንድ ማታ ልጅህ እዚያው የሚያድርበት ቀን ይመጣል። ያን ማታ የሚሰማህ ሐዘን እውነተኛ ነው። ማንም «አትዘን» ሊልህ አይገባም።

ግን ሐዘን ሌላ፣ ክስ ሌላ። ያዘነ ሰው «ልጄ ቀረብኝ» ይላል። ከሳሹ «ልጄ ካደኝ» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ራሱ እውነቱን ተናገረ። ሁለተኛው ሕመሙን ወደ ልጁ ኃጢአት ለወጠው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ክሱ ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ አቅጣጫ ይቀይራል። በ2017 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጄሰን ታውማሎሎ የሚባለው የኒውዚላንድ ዋና ተጫዋች «ለቶንጋ ነው የምጫወተው» አለ። የተወለደው ኦክላንድ ነው፤ ወላጆቹ ከቶንጋ ናቸው። ለአውስትራሊያ ይጫወት የነበረው፣ ሲድኒ የተወለደው አንድሩ ፊፊታም እንዲሁ አደረገ። ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ቶንጋ ወደ 100 ሺህ ሰው ብቻ የሚኖርባት የደሴቶች አገር ናት። ኖቬምበር 11 ቀን ሃሚልተን ላይ ቶንጋ ኒውዚላንድን 28 ለ22 አሸነፈች። በ2019 ደግሞ አውስትራሊያንም 16 ለ12 ረታች።

አሁን ልብ በሉ። ታሙ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሄድ ኒውዚላንዶች «የተወለደበትን አገር ትቶ» ብለው አዘኑ። ታውማሎሎ ከእነሱ ወደ ትንሿ ሲሄድም አዘኑ፤ ይኼኛው ግን የተወለደበትን ትቶ ወደ ወላጆቹ አገር ነው የሄደው። በአንደኛው መለኪያ የትውልድ ቦታ ነው የሚያስተሳስረው፤ በሌላኛው የአባት አገር ነው። የማኦሪው ልጅ ያደገበትን መረጠ፣ የቶንጋው ልጅ የአያቶቹን። ሁለቱም ተወቀሱ። መለኪያው እንደ ተቀማጩ ጥቅም የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ፣ ሲጀመር መለኪያ አይደለም።

እኛስ? እኛማ በዚህ ነገር ከማንም አናንስም። ዘነበች ቶላ ከእኛ ወጥታ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ፣ በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር ለባህሬን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሲፋን ሐሰን አዳማ ተወልዳ፣ በ2008 በ15 ዓመቷ ተሰድዳ ኔዘርላንድ ገባች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ ስንቶቻችን ነን «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» እያልን ድሉን የተካፈልን? ኦገስት 11 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ ግን በማራቶኑ መጨረሻ ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተነካክታ በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። የእኛ ወገን አቤቱታ አቀረበ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ያን ቀን ቡና ቤት ውስጥ ከጎኔ የነበረ ሰው «የራሷን አገር ልጅ ገፈተረች» አለ።

ገፍትራ ከሆነ፣ መገፍተር ጥፋት ነው፤ ዳኛ አለ፤ ይታያል፤ ታይቷልም። እኔን የከነከነኝ «የራሷን አገር ልጅ» የሚለው ጭማሪ ነው። ኬንያዊት ብትሆን ኖሮ «ገፈተረች» ብቻ ይበቃ ነበር። ሌላውን ስታሸንፍ ትውልደ ኢትዮጵያዊት፣ እኛን ስታሸንፍ ከሃዲ! በ15 ዓመቷ ስትሰደድ አልሸኘናትም፤ ስትደርስ አልተቀበልናትም፤ የብርድ ልብስ የሰጣት ሌላ ነው። ሒሳቡን ግን እኛ ልንልክላት እንፈልጋለን።

ወደ አንዛክ ልመለስ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ለጨዋታ የጦርነት ስም ስንሰጠው፣ የጦርነቱ ቃላትም አብረው ይመጣሉ። መሥዋዕትነት፣ ግዳጅ፣ ደም፣ ክህደት። እነዚህ ቃላት ጋሊፖሊ ላይ ዋጋ የተከፈለባቸው ናቸው። የሚሞትለት ማሊያ ግን የለም፤ ሰማንያ ደቂቃ አልቆ ሁለቱ ወገን ይተቃቀፋል፤ ማግሥቱን እዚያው አንድ ክለብ ውስጥ አብረው ይለማመዳሉ። የሙታንን ማስታወስ መልካም ነው፤ ሜዳሊያውን በሳቮሪ ስም መሰየም መልካም ነው። የሙታንን መሐላ ተበድሮ በሕያዋን ላይ ክስ መመሥረት ግን ለሙታኑም ክብር አይሆንም። እነሱ የሞቱት ከኋላቸው የሚመጣው ልጅ መምረጥ እንዲችል ነው ብለን የምናምን ከሆነ፣ ሲመርጥ ምን ያስቆጣናል?

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ብልህ አንባቢ አንድ ነገር ይይዘኛል። «አንተ እኮ ስለማይምሉ ሰዎች ነው ያወራኸው። ተማሪህ ግን ፈርሟል!» ይለኛል። ልክ ነው። የእሱ ጉዳይ ከታሙም ከሲፋንም ይለያል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ዋስ አለው። ቃል ሰጥቶ ቃሉን አፍርሷል። ይህን ጥፋት ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ዛሬም። በእሱ ቦታ ሊያስተምር የሚገባው ክፍል ያለ መምህር ከርሟል፤ እነዚያ ተማሪዎች ምን አደረጉት?

ነገር ግን ጥፋት ልክ አለው። ውል ያፈረሰ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳ ይቆጠራል፤ የተቆጠረ ዕዳ ይከፈላል ወይም ይማራል። «ከሃዲ» የምትለዋ ቃል ግን ልክ የላትም። ስለ ሰውየው ሥራ ሳይሆን ስለ ሰውየው ምንነት ነው የምትናገረው፤ ተከፍላ የማታልቅ ዕዳ ናት። እኔ ቃሏን የጻፍሁት ገንዘቡ ከገባ በኋላ መሆኑን አስቡት። ዕዳው ሲዘጋ የቀረኝ ነገር ቁጭት ብቻ ነበር። «ካንተ ጋር ማርጀት ፈልጌ ነበር፤ ትተኸኝ ሄድህ» ማለት ወንድነቴ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ አገርን ጠራሁ። አገር ስትጠራ ደግሞ የግል ኩርፊያ ሁሉ ትልቅ ይመስላል።

ያን እሑድ ከሰዓት ልጁ ከሶፋው ቀና ብሎ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ አንተ ለማን ነበርክ?» አለኝ።

«እርስዎ በል!» አለ አባቱ።

«ለጥቁሮቹ» አልኩት። የኒውዚላንዶች ማሊያ ጥቁር ነው። እውነቴን ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ሲያሸንፍ ማየት ደስ ይላል።

ልጁ ደነገጠ። አባቱን አየ፣ እኔን አየ። «እንዴ! የእኛ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ በአባቱ ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ በራሴ ላይ አነሣብኝ። ለጥቁሮቹ መጮኼ ከእነሱ ቤት አያስወጣኝም፤ እንጀራቸውን በልቻለሁ፣ አልጋቸው ላይ ተኝቻለሁ፣ የአባቱን ግጥም አውቃለሁ። እንዲያውም መልሱ ቀላል ነበር። «የእናንተ ነኝ፤ ዛሬ ብቻ ለጥቁሮቹ ጮኽሁ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። ልጅ እንዲህ በቶሎ ይገባዋል። እኔ ተመሳሳዩን ለመረዳት አሥር ዓመት ፈጀብኝ።

ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ለአባቱ ነገሩን አነሣሁት። «ያቺን ቃል መልሼ ወስጃታለሁ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ እኔ የከፈልኩት ገንዘቡን ነው። ዋስነቱን አልከፈልኩትም። እሱን እርስዎ ይቅር ካላሉኝ በቀር የምከፍልበት ባንክ የለም።»

ይቅር ተባባልን፤ በዚህኛው ጊዜ ጨርቁን አንሥተን። እሱ ቃሉን ማፍረሱን አመነ፤ እኔም ቃሌን ከልኩ በላይ መወርወሬን። እዚያው አገር ነው ያለው፤ አልተመለሰም። ልጁም ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ አሁንም አውስትራሊያ ስትሸነፍ ስልክ ይደውልልኛል፤ «ጋሼ፣ ተሸነፍን» ይለኛል። እኔም «አይዞን» እለዋለሁ።